ቢጫ አበባ ያላት እራፊ

እትዬ እታገኘሁ ማንኛውንም ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ትገለብጠዋለች። በየማለዳው ደጃፏ ላይ በተነጠፈው ሰሌን ትቀመጥና ከልባሽ ጨርቁ ክምር አንዱን ትመዛለች፤ ውስጡን ወደ ውጭ ታወጣለች፤ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ከአንገትጌው እስከ እጅጌው ጫፍ ትዳስሳለች። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች። መቀሱን የምታነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ ስጠይቃት፣ "ውጪውን ፀሐይ ይበላዋል። የጅጅጋ ፀሐይና አቧራ ያልነካው ቀለም ያለው በውስጥ በኩል ነው። አሻንጉሊት የምታለብሺው የጨርቁን ውስጥ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነገር ግን ቀለም ለማየት ዓይን ይበቃል፤ መዳሰሱና ማሽተቱ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ያን የነገረችኝ በ1983 ክረምት፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ስትነግረኝ እጇ ሥራ አልፈታም። ዓይኗም ከመርፌው አልተነሳም።

"ከፈለግሽ ጻፊው" አለችኝ። "አንዲት ነገር ብቻ ትቅርልኝ።"

አሻንጉሊት መሥራት የጀመረችው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ባለቤቷ ሃምሳ አለቃ ከተማ ይባላል፤ ጅጅጋ ከሰፈረው ጦር ጋር ነበር። በ1970 መስከረም የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ሴቶችና ልጆች በጭነት መኪና ወደ ሐረር ተጫኑ፤ እሱ ካራማርዳ ተራራ ላይ ቀረ። እንዴት እንደሞተ ያየ ሰው አላገኘችም። ሬሳውንም አላየችም። ሐረር፣ ተፈናቃዮቹ በታጎሩበት አዳራሽ ውስጥ፣ ለቅሶዋን አላቆም ያለች ሕፃን አጠገቧ ነበረች። ከፋሻ ቁራጭ ጭንቅላት፣ ከወታደር ካልሲ እጅና እግር ሠርታ ሰጠቻት። ሕፃኗ ዝም አለች። በማግስቱ ሌላ እናት ልጇን አቅፋ መጣች፤ ቀጥሎም ሌላ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከተማዋ ስትለቀቅ ተመለሰች። ቤቷ ተበርብሯል። በሩም የለም፣ የጣሪያው ቆርቆሮም የለም። ደጃፉ ላይ ደርቃ እንደቆመች ጎረቤቷ ማርያን መጣች። ማርያን የከተማው ሶማሌ ናት፤ ገበያ ላይ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ከባሏ ከሮብሌ ጋር ጦርነቱን እዚያው ነው ያሳለፉት።

"አባዮ፣ ነይ" አለቻት። አባዮ ስትል እህቴ ማለቷ ነው።

ይዛት ገባችና ከአልጋዋ ስር በምንጣፍ የተጠቀለለ ነገር ጎተተች። የእታገኘሁ የእጅ ስፌት መኪና ነበር።

"ወታደሮቹ መጡ። የማን ነው አሉኝ። የኔ ነው አልኩ። እስቲ ስፊ አሉኝ።"

"ሰፋሽ?"

"የሮብሌን ሱሪ ከሽርጡ ጋር ሰፋሁት። ስቀው ሄዱ።"

እታገኘሁም ሳቀች፤ ባሏ ከተማ ከተለያት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቋ ነበር። "ባሌን የገደሉት ሶማሌዎች ናቸው፤ መኪናዬን ያተረፈችልኝም ሶማሌ ናት" አለችኝ። "ሁለቱን አንድ ላይ የማስቀምጥበት ቦታ ልቤ ውስጥ አጣሁለት። ስለዚህ ዝም ብዬ መስፋት ጀመርኩ።"

የሰፋቻቸውን አሻንጉሊቶች ማርያን ከወተት ዕቃዎቿ አጠገብ ደርድራ ትሸጥላት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

"ዓይናቸውን አውጪ" አለቻት ማርያን።

"ውይ! ምን በደሉሽ?"

"ዓይንና አፍ ያለው ምስል እኛ ቤት አይገባም። ነፍስ ልትሰጪው አትችዪም፤ ታዲያ ዓይን ምን ያደርግለታል?"

"ልጆቹ አይፈሩትም?"

"ልጅ የምትፈራው የሚያያትን ነው።"

ከዚያ ወዲህ እታገኘሁ ሁለት ዓይነት አሻንጉሊት ትሠራለች። ከመሃል አገር ተመድበው ለመጡት ወታደሮችና መምህራን ልጆች የሚሆኑት በጥቁር ክር ዓይን፣ በቀይ ክር አፍ፣ ከተተረተረ ሹራብ ፀጉር አላቸው። ለከተማው ሶማሌዎች የሚሆኑት ደግሞ ፊታቸው ልሙጥ ነው። እጇ የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ነጩን ፊት በሁለት አውራ ጣቶቿ ለስለስ አድርጋ ትጫነውና ታስቀምጠዋለች። እኔ መጀመሪያ ያየኋቸው ጊዜ እነዚያን ልሙጦቹን ነው የፈራሁት። አሁን የምፈራው ዓይን ያላቸውን ነው።

ከእነዚህ ሌላ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር የምትሠራው ማስፈራሪያ ነበር። መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው፤ በዓሉ ደግሞ የሚቃጠሉ ጠላቶች ይፈልጋል። ከቀበሌው የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ጓድ ባህሩ የሚባል ሰው ይመጣና ያዛታል። እሷም ጋዜጣ በውሃ ትዘፈዝፋለች፣ በዱቄት ሙጫ ትለውሳለች፣ በትልቅ ቅል ላይ ደራርባ ትለጥፋለች። ሲደርቅ ለሁለት ሰንጥቃ ቅሉን ታወጣና መልሳ ታጋጥመዋለች፤ ራስ ሆነ ማለት ነው። በኖራ ታነጣዋለች፣ የዓይኑን ጉድጓድ በከሰል ታጠቁራለች፣ ከጣሳ ቆርቆሮ ጥርስ ትቆርጥለታለች። የጎን አጥንቱን ከሽቦ ታበጃለች። ሰውነቱን በጭድ ትሞላለች። ራሶቹ አጥር ላይ ተሰክተው ፀሐይ ሲሞቁ የሰፈሩ ልጆች በዚያ በኩል የሚያልፉት እየሮጡ ነው።

ልጆቹ ቢፈሩም ፍየሎቹ አልፈሩም። የዱቄት ሙጫ ይወዳሉ። አንድ ዓመት ጓድ ባህሩ ሊረከብ መጥቶ ኢምፔሪያሊዝምን ዞር ዞር እያለ አየው።

"ጆሮው የታለ?"

"ፍየል በላችው፣ ጓድ።"

"የማን ፍየል?"

"የሰፊው ሕዝብ" አለች ማርያን፣ ሙጫውን እያማሰለች።

ባህሩ ሊስቅ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። "ጆሮ ይሠራለት" ብሎ ሄደ።

አዎ፣ ሙጫውን የምታማስለው ማርያን ነበረች። ሥራ ሲበዛ ታግዛታለች። ከሚቃጠሉት ጠላቶች አንዱ ሰርጎ ገብ ይባላል፤ ከድንበር ማዶ እየሾለከ ይገባል የሚሉት ሶማሌ ነው። ሽርጥ ይታጠቃል። እታገኘሁ ሰርጎ ገቡን ስትሠራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስ ይላት ነበር። አንገቱ ላይ ክሩን ስታጠብቅ ከተማን የገደለውን ሰው አንገት የያዘች ይመስላት ነበር።

"ማርያን እያየችሽ?" አልኳት።

"እያየችኝ። አንዴ ሽርጡን አየችና 'አባዮ፣ እንዲህ አይታጠቅም' አለችኝ። ፈታችና ራሷ አስታጠቀችው።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ያን ዓመት እጄ ሰነፈ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ለእንጀራዬ ብቻ ነው።"

ሮብሌ የጭነት መኪና ላይ ጭነት አሳሪ ነበር። ከጅጅጋ ደገሀቡር፣ አንዳንዴም እስከ አይሻ ይሄዳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማም ሰው ነበር ትላለች፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሁልጊዜ ገመድ ስለሚሸከም የካኪ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሳስቶ ተበላ። እታገኘሁ ዘንድ ይዞት መጣ። እሷም ማርያን ለአሻንጉሊት ይሁንሽ ብላ ከሰጠቻት አሮጌ ድሪያ ቀሚስ ላይ ቢጫ አበባ ያላት እራፊ ቆረጠች።

"ከውጭ እንዳይታይ ብቻ" አላት።

"ምን አሳፈረህ? የሚስትህ ድሪያ እኮ ነው።"

"ሾፌሩ ካያት እስከ ደገሀቡር ሙሽሪት እያለ ነው የሚወስደኝ።"

"ሙሽሪትስ እንደዚህ ያለ ጢም የላትም" አለች ማርያን ከበሩ ላይ ሆና።

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እታገኘሁ እራፊዋን ከውስጥ በኩል ገበር አድርጋ፣ ለአሻንጉሊቶቿ በምትሰፋው በዚያው በጠባቡና ድርብ በሆነው ስፌት ሰፋችለት። ከውጭ ለሚያየው ተራ ጥገና ነው። አበባዋ ያለችው ከሰውነቱ ጋር ነው።

በ1976 ጥር ላይ ከመኪና ማቆሚያው ወሰዱት። ያሠረው ጭነት ውስጥ ሰው ደብቆ አሳልፏል ተባለ። ሌላ ማንም ምንም አልተናገረም፤ ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ማርያን ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ኢዲል ትባላለች። ማርያን ወተቷን ሸጣ እንደጨረሰች ሩዝ በሳህን ሞልታ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ እስር ቤቱ በር ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። ዘበኛው ይቀበላታል፤ የትናንቱን ባዶ ሳህን በዚያው ጨርቅ ተቋጥሮ ይመልስላታል። ሮብሌን ማየት አይፈቀድም።

ግን ቋጠሮው ነበር። ባዶው ሳህን የሚመጣው በጭነት አሳሪ ቋጠሮ ታስሮ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሁሉም በአንዴ የሚፈታ። ማርያን መንገድ ላይ አትፈታውም። እቤት ታመጣዋለች፤ ኢዲል ጫፉን ትስበዋለች፤ ጨርቁ ዘርገፍ ይላል። በዚህ አባቷ ደህና መዋሉን ያውቁ ነበር። ሌላ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ኢዲል ጫፉን ብትስበው አልፈታ አለ። ብትጎትተው ይብስ ጠበቀ። ማርያን በጥርሷ ነው የፈታችው። ከዚያ በኋላ ጨርቁ የመጣው ሁሉ ማንም ሰው በሚቋጥረው ቋጠሮ ታስሮ ነው።

"ቋጠሮው ተለወጠ" አለቻት እታገኘሁን።

"እጁን አሞት ይሆናል።"

"ይሆናል።"

"ሳህኑስ?"

"ባዶ ነው። የሚበላ አለ።"

ማርያን መሄዷን አላቆመችም።

መጪው መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነበር። በየከተማው ቅስት ይተከላል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል፣ ባንዲራ ይታደላል። ዝናብ ጠፍቶ ከብት በየመንገዱ እየወደቀ የነበረበት ክረምት ነው፤ ዱቄት ብርቅ ነበር፤ ለሙጫ የሚሆን ግን ከቀበሌው ተሰጣት። "የሰው ዓይን እየተከተለኝ ነበር ያን ዱቄት ይዤ እቤት የገባሁት" አለችኝ። ጓድ ባህሩ የዚህ ዓመቱ ሰርጎ ገብ ከሰው ቁመት እንዲበልጥ፣ እውነተኛ ልብስም እንዲለብስ አዘዘ። እሷ የሚያለብሰው ጨርቅ ገበያ ላይ የለም ብትለው በማግስቱ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር ጆንያ ይዞ መጣ።

"ጨርቅ የለም አላልሽም? ይኸውልሽ።"

"ከየት ነው?"

"ባለቤት የለውም።"

ጆንያውን ሰሌኑ ላይ ዘረገፈው። ሱሪዎች፣ ሽርጦች፣ አንድ የሴት ነጠላ ጫማ፣ ሸሚዞች። ሁሉም የታፈነ ቤት ይሸታሉ። ባህሩ በእግሩ ገፋ ገፋ እያደረገ አንዱን መረጠ። "ይኸ ካኪ ረጅም ነው። ለሰርጎ ገቡ ይሁን።"

"ቀዳዳ ነው እኮ፣ ጓድ።"

"ሰርጎ ገብ አዲስ ሸሚዝ ከየት ያመጣል?"

ሲሄዱ ሸሚዙን አነሳችው። እንደ ልማዷ ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ስፌቱን እየዳሰሰች ከአንገትጌው ተነስታ ትከሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ የራሷን እጅ አገኘ። "ስፌት እንደ ድምፅ ነው" አለችኝ፤ "የራስሽን ስትሰሚው ደንግጠሽ ዞር ትያለሽ።" ጠባብ፣ ድርብ ስፌት። ቢጫ አበባ። አበባው ላይ ጥቁር ሆኖ የደረቀ ነገር ነበር፤ እስከ ደረቱ ድረስ ወርዷል። አሸተተችው።

የዚያን ጊዜ ነው ማርያን ሙጫ ልታማስል የግቢውን በር የከፈተችው።

እታገኘሁ ሸሚዙ ላይ ተቀመጠችበት።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ ዱቄት መስሏል" አለች ማርያን።

"ፀሐዩ ነው።"

"ተነሺና ጥላ ውስጥ ግቢ።"

"እግሬ ደንዝዟል። አንቺ ሙጫውን እዪልኝ፣ እንዳይጓጉል።"

ማርያን ጀርባዋን ሰጥታት ሙጫውን ታማስል ጀመር። የሮብሌ ሳህን አጠገቧ ነበር፤ ሩዙን ገና አልቋጠረችውም። ትኩስ ነው፤ ይጨሳል። እታገኘሁ እዚያ ተቀምጣ ያሰበችውን ሁሉ ነግራኛለች። ብነግራት ታለቅሳለች። ብታለቅስ ጎረቤት ይሰማል። መንግሥት በሕይወት አለ ብሎ ሩዝ ለሚቀበልለት ሰው ያለቀሰች ሴት ማን ነገረሽ ትባላለች። ስሜን ባታወጣ ስለ እኔ ትታሰራለች፤ ብታወጣ እኔ እታሰራለሁ፤ ኢዲል በሁለቱም መንገድ ያለ ሰው ትቀራለች። ባልነግራት ደግሞ ነገም ሩዝ ትቀቅላለች። ከነገ ወዲያም።

"እና ሩዙን ቋጥራ ሄደች" አለችኝ። "ከበሩ ስትወጣ ጀርባዋን አየሁት። ጠርቼ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ነፋስ ብቻ ገባበት።"

እራፊዋን በምላጭ ቀስ ብላ ከሸሚዙ ላቀቀቻት። ሸሚዙን ግን ማስቀረት አልቻለችም፤ ባህሩ መርጦታል። ስለዚህ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነከረችው። ቶሎ እንዲነድ ነው አለቻቸው ለጠየቋት። ካኪው ጠቁሮ ካኪነቱ ጠፋ። ሰርጎ ገቡን አለበሰችው፤ ጭድ ሞላችው፤ ሽርጡን ማርያን ባስተማረቻት ዓይነት አስታጠቀችው። ራሱን አጥር ላይ ስታደርቀው ከከረመችበት አምጥታ ስትገጥመው ፊቱ ልሙጥ ነበር። ዓይንም ጥርስም አልሠራችለትም ነበር።

"ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ባህሩ ሊረከብ መጥቶ። "ፊቱስ?"

"እንደዚህ ይበልጥ ያስፈራል፣ ጓድ።"

"ማንን ነው የሚያስፈራው? ሕዝቡ ጠላቱን ዓይን ለዓይን ማየት አለበት። አሁን፣ እኔ ቆሜ!"

ቆሞ አስጨረሳት። በከሰል ሁለት ጉድጓድ ሳለች። የጣሳ ጥርሶቹን ሰካች። አንዱ ጥርስ ጠመመባት፤ ባህሩ እሱን ወደደው።

የበዓሉ ቀን አደባባዩ ሞላ። የወረቀት ባንዲራዎቹ፣ የቅስቱ አበቦች፣ ሁሉም የእሷ እጅ ሥራ ናቸው፤ ከካራማርዳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ያንኮሻኩሻቸዋል። ማርያን ከሴቶች ማኅበር ሰልፍ መሃል ቆማለች፤ መቅረት አይቻልም። ኢዲል ቀሚሷን ይዛ አጠገቧ ናት። ሰርጎ ገቡ በእንጨት ላይ ከፍ ብሎ ተተከለ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ ሰው ይናገር ጀመር፤ ቀጥሎም ይህን ጠላት የሚያነድደው ክንድ ባሏን ለእናት አገር የሰጠች ሴት ክንድ ይሆናል አለና የእታገኘሁን ስም ጠራ።

አልነገሯትም ነበር። ችቦውን እጇ ውስጥ አስጨበጧት። "እግሬ ሄደ" ነው ያለችኝ፤ እኔ ሄድኩ አላለችም። ከመለኮሷ በፊት ሰልፉን ዞር ብላ አየችው። ማርያን እንደ ሌሎቹ ግራ እጇን አንስታለች። ሌሎቹ ይውደም ሲሉ የእሷም ከንፈር ይነቃነቃል። ዓይኖቿ ግን የሰርጎ ገቡን ፊት አያዩም። የሚያዩት ትከሻውን ነው።

ዘይት ስለጠጣ በአንዴ ነደደ።

በማግስቱ ማርያን ወተቷን ሸጠች፤ ሩዝ ቀቀለች፤ ሳህኑን ቋጥራ ሄደች። ባዶው ሳህን እንደ ወትሮው ተመለሰ። እታገኘሁ አይታ ይሆን፣ አላየች ይሆን እያለች ፊቷን ስትመረምር ሰነበተች። ምንም አልተጻፈበትም።

እራፊዋ ግን ቀርታለች። "ልጥላት አልቻልኩም" አለችኝ። "ላቃጥላትም አልቻልኩም፤ አንዴ አቃጥያለሁ። ይኸው ብዬ ልሰጣትም አልቻልኩም።" ስለዚህ አንዲት አሻንጉሊት ሠራች። ፊት የሌላት፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች። ከሆዷ ውስጥ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጩ መሃል፣ እራፊዋን አጥፋ ከተተቻት፤ በጥቁር ክር፣ በጠባቡ ስፌት ዘጋቻት። ለኢዲል ሰጠቻት።

"ለኔ ነው? በነፃ?" አለች ኢዲል።

"በነፃ።"

"ለምን?"

"ቆንጆ ስለሆንሽ።"

ኢዲል አሻንጉሊቷን አቅፋ ሮጠች። ማርያን አጥሩ ጋ ቆማ ታያቸው ነበር። አሻንጉሊቷን ከልጇ ተቀበለች፤ በእጇ መዘነቻት፤ ሆዷን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ መለሰችላት።

ዓመታት አለፉ። ከሐርጌሳ ስደተኞች እንደ ጎርፍ ሲመጡ እታገኘሁ ፊት የሌላቸውን አሻንጉሊቶች በጆንያ እየሞላች ወደ መጠለያቸው ትልክ ነበር። ማርያን በየቀኑ ሳህኗን ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄዳለች። ዘበኞቹ ተለዋወጡ፤ ሁሉም ተቀበሏት፤ ማንም ከእንግዲህ አትምጪ አላላትም። እኔም እዚህ ከመጣሁ በኋላ ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ ያችን ነጭ ጨርቅ አንጠልጥላ ስታልፍ አያት ነበር። ባሏን የምትጠይቅ ታማኝ ሚስት ናት ብዬ ነበር የማስበው።

በ1983 ግንቦት መጨረሻ ወታደሮቹ ከተማዋን ለቀው ሄዱ። እስር ቤቱ ያለ ጠባቂ ቀረ፤ በሩ ተሰበረ። ሴቱም ወንዱም የጠፋበትን ሊፈልግ ወደዚያ ሮጠ። እታገኘሁም እየሮጠች ማርያን ቤት ገባች። ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችው የሚገለጥበት ቀን የመጣ መስሏት ነበር፤ ይህች ሴት ሮጣ ሄዳ ባዶ ክፍል ልታገኝ ነው።

"ማርያን! ተከፍቷል! ሰው ሁሉ እየወጣ ነው!"

ማርያን ሩዙን ከድስቱ እያወጣች ነበር። ሳህኑ አጠገቧ አለ፤ ነጩ ጨርቅ ግን ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

"አውቃለሁ" አለች።

"አትሄጂም?"

"ማንን ልፈልግ?"

እታገኘሁ ግድግዳውን ተደገፈች።

"አባዮ፣ ተቀመጪ" አለቻት ማርያን። "እዚያ ውስጥ ጠያቂ የሌለው ሰው ነበር። አሁን ወጥቷል፤ ቤቱ ይበላል። ይኸን እኔና አንቺ እንብላው።"

ሳህኑን ሁለቱ መሃል አስቀመጠችው። በሉ። ስለ ሸሚዙ ማንኛቸውም አላነሱም።

ክረምቱ ሲገባ ማርያን ወንድሟ ወዳለበት ወደ አይሻ ልትሄድ ዕቃዋን ሸከፈች። ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን ኢዲል መጣች፤ አሁን ከእናቷ ትከሻ በላይ የሆነች ልጅ ናት። አሻንጉሊቷን ከጀርባዋ ደብቃ ይዛ፣ እያፈረች።

"እማ ናት የላከችኝ። የአሻንጉሊቷ ክንድ ተቀዷል። መንገድ ላይ እንዳትጠፋ በደንብ ትስፋልሽ አለችኝ።"

"ነገ ጠዋት ነይና ውሰጃት" አለቻት እታገኘሁ።

ኢዲል ስትሄድ እታገኘሁ እንደ ልማዷ የአሻንጉሊቷን ቀሚስ ገልብጣ ስፌቱን ዳሰሰች። የሆዷ ስፌት ጥቁር አልነበረም። ነጭ ክር ነው፤ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ መስመሩን የሳተ፤ ሱሪን ከሽርጥ ጋር የሰፋ እጅ የሰፋው ስፌት። በማግስቱ ኢዲል ክንዷ የተጠገነላትን አሻንጉሊት ተቀበለች። ማርያን ከጭነት መኪናው ላይ ሆና እጇን አነሳች፤ እታገኘሁም አነሳች። መኪናው አቧራ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ እንዳቆም ነበር የፈለገችው። የተረፈችውን አንዲት ነገር ተያት ብላ ለመነችኝ፤ የሠራሁት ነውር ነው፣ ማንም ሳይፈቅድልኝ ነው የሠራሁት አለችኝ። እኔም እሺ ልላት ነበር። ነገር ግን ሮብሌ የት እንደተጣለ የነገረን የለም፤ ይህችን ከተውኳት እኔም ሜዳ ላይ የተውኩት መሰለኝ። ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ከክምሩ ሸሚዝ አንስታ ገለበጠች።

ያን ማታ እታገኘሁ ክንዷን ከመስፋቷ በፊት የአሻንጉሊቷን ሆድ ፈታችው። እራፊዋ እዚያው ነበረች። ጥቁሩ ነገር ታጥቦ ለቋል፤ ቢጫው አበባ ፈክቷል። በአዲስ ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልላለች፤ አቡጀዲው በራስጌ፣ በወገብና በግርጌ ታስሯል፤ ሙስሊሞቹ ሰዎቻቸውን ሲገንዙ እንደሚያስሩት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ለሬሳ የሚነሰነሰውን ካፉር ይሸታል። ቋጠሮዎቹን ሳትነካ መለሰችው፤ በዚያው ነጭ ክር፣ ማርያን መርፌዋን ባሳለፈችባቸው ቀዳዳዎች እያስገባች ዘጋችው። ክንዷንም ሰፋች። ከዚያ ኢዲል እስክትመጣ ድረስ ፊት የሌላትን አሻንጉሊት በቀኝ ጎኗ፣ ማርያን ስትሰግድ ወደምትዞርበት አዙራ አስተኛቻት።